ተማሪዎች የሠሩት ገጽ

ትርፊት ሎምባሞ ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ክፍል ስትቀጠር ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ኮሌጁ የሚያስተምረው በርቀት ነው። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ በዕድሜ የሚበልጧት፣ በየወረዳው መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ ትዳርና ልጅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሞጁላቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፣ ከሥራ መልስ ያነባሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዱራሜ፣ በዳምቦያ ወይም በዶዮገና በተከራየ የትምህርት ቤት ክፍል ከአስተማሪ ጋር ይገናኛሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ይፈተናሉ። የፈተናው ቀን፣ ውጤቱና የምዝገባው ጊዜ የሚለጠፈው ግን ሆሳዕና ባለው ግቢ፣ በመስታወት በተከለለች አንዲት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነበር። የሰሌዳዋ ቁልፍ የሚቀመጠው በትርፊት መሳቢያ ውስጥ ነው።

ዝምተኛ ናት ይሏታል። ዝምታውን ግን ተምራው እንጂ አብሯት አልተወለደም። እስከ ስድስተኛ ክፍል በሌሞ ወረዳ ገጠር፣ አባቷ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ቆይታ ለሰባተኛ ክፍል ከተማ ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ አስነሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቋት። መልሱን ታውቀዋለች። አፏን የፈታችው በሀዲይኛ ስለነበር ግን አማርኛው ላይ ወንዱንና ሴቱን አምታታችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መልሷ ልክ እንደነበር ማንም ልብ አላለም፤ እሷም ልብ ያለችው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ከመናገሯ በፊት የምትለውን በሆዷ አንድ ጊዜ ትለዋለች፤ በሆዷ ብላ እስክትጨርስ ታዲያ ብዙ ጊዜ ጨዋታው አልፏት ይሄዳል። ኮምፒዩተር የወደደችውም በዚሁ ምክንያት ይመስላል። የጻፈችውን አይታ፣ አርማ፣ አስተካክላ፣ ሰው የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሴሚስተር ፈተና ነው። ሰኞ ሊሰጥ የታሰበው ፈተና በአዳራሽ ምክንያት ከዚያ በፊት ወዳለው ቅዳሜ ተሳበ። ትርፊት ማስታወቂያውን ለጠፈች፣ ዱራሜ ደወለች፣ ዳምቦያ ደወለች። የዶዮገናው አስተባባሪ ስልክ አልሠራ አላት። ቆይቼ እደውላለሁ ብላ ሌላ ሥራ ጀመረችና በዚያው ረሳችው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ጠና የሚባሉ ሰው መስኮቷ ላይ ቆሙ። ከዶዮገና ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ሃምሳን ያለፉ የግብርና ሠራተኛ ናቸው። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ ጫማቸው ግን በጭቃ ተለውሷል። ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተዋል። ፈተናው የት ክፍል እንደሆነ ጠየቋት። ቅዳሜ ማለፉን ነገረቻቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ውሃ ለመኗት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠጡና ብርጭቆውን ራሳቸው አምጥተው መለሱላት።

«ምንም አይደል ልጄ» አሏት። «ስልኩ አልሠራ ብሎሽ ይሆናል። የእኛ አገር ኔትወርክ የታወቀ ነው።»

«አዎ፣ አልሠራ አለኝ» አለች ትርፊት።

እንዲህ ሲሉት ውሸት አይደለም። አንድ ጊዜ አልሠራላትም፤ ሁለተኛ ግን አልሞከረችም። ሰውየው ሰበቡን ራሳቸው ፈልገው፣ ራሳቸው አምጥተው እንደ ብርጭቆው በእጇ ስላስያዟት የባሰ አፈረች። አቶ ጠና በኋላ የማካካሻ ፈተና ተፈቅዶላቸው አለፉ። እሷ ግን ለብዙ ሳምንታት በዚያ ደረጃ ስትወርድ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞር ነበር።

በዲፕሎማ ትምህርቷ ጊዜ ድረ ገጽ ስለ መሥራት የታደላት፣ አርባ ቅጠል የማይሞላ የፎቶኮፒ ጽሑፍ ነበራት። ለፈተና አንብባው፣ አልፋበት፣ ሳጥን ውስጥ ከትታው ነበር። አወጣችው። ማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ በሚገኘው በኖትፓድ ብቻ፣ ሌላ ምንም ፕሮግራም ሳትጭን፣ በምሳ ሰዓቷ እየጻፈች አንድ ገጽ አወጣች። ቢጫ መደብ ሰጠችው፣ የኮሌጁን ዓርማ ከላይ አስቀመጠች፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሮጥ የእንኳን ደህና መጣችሁ ጽሑፍም ጨመረችበት። በፍላሽ ይዛው ወደ ሀብቴ ሄደች።

ሀብቴ የዲፕሎማ ክፍል ጓደኛዋ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ስምንት ኮምፒዩተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ከፍቷል። ስምንቱም የሚጠጡት ከአንድ ቀጭን መስመር ስለሆነ አንዱ ደንበኛ ፎቶ ከከፈተ የቀሩት ሰባቱ ቀና ብለው ያዩታል። ስለዚህ ሀብቴ የአንድን ገጽ ክብደት እንደ እህል ነጋዴ በእጁ መዝኖ የሚያውቅ ሰው ሆኗል። የትርፊትን ሥራ ጎርበጥ ባለች ኖኪያ ስልኩ ከፈተውና ጠበቁ። ዓርማው ግማሹ መጥቶ ቆመ። የአማርኛው ፊደል በሙሉ ደግሞ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ታየ፤ የዚያን ጊዜው ስልክ የግዕዝ ፊደል አያውቅም።

«ሰው የሚፈልገው ቀኑንና ቁጥሩን ነው» አላት። «ሌላውን አውጪው።»

እያዘነች አወጣችው። መጀመሪያ የሚሮጠው ጽሑፍ ሄደ፤ ቀጥሎ ቢጫው መደብ፤ በመጨረሻ ዓርማው። አማርኛውን ሰው በስልክ መልእክት እንደሚጻጻፈው በላቲን ፊደል ጻፈችው። የቀረው ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ከሥራቸው የተሰመረባቸው ሰማያዊ ማያያዣ ሊንኮችና አንድ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ ስም አላስገባችም፤ የመታወቂያ ቁጥርና ውጤት ብቻ። የወደቀ ሰው ስሙ በየስልኩ እንዲነበብ አልፈለገችም። ሁሉም ተደምሮ ዐሥራ አንድ ኪሎባይት ሆነ፤ አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚያ ትከብዳለች። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ቦታ ከሚሰጡት ድርጅቶች በአንዱ ላይ ጫነችው። ሀብቴ በኖኪያው ሲከፍተው እስከ አራት ሳይቆጥር መጣ።

አድራሻውን በቁርጥራጭ ወረቀት እያተመች ወደ ሦስቱ ማዕከላት ላከች። በሰኔው ፈተና ጊዜ ለውጡ ታየ። በፈተናና በምዝገባ ሰሞን ግቢውን ሞልቶ ሰሌዳዋ ፊት ይደረደር የነበረው ሰው ቀነሰ። ዲኑ አቶ አጵሎስ ተማሪዎቹ ሥርዓት መያዛቸውን በስብሰባ ላይ በደስታ ተናገሩ። ስለ ገጿ ቀድማ ነግራቸው፣ ጥሩ ነው ብለዋት፣ በዚያው ረስተውታል። ትርፊትም አላስታወሰቻቸውም። ያን ጊዜ ባታሳውቅም ደስ ብሏት ነበር። አንድ ሰው ከዱራሜ ደውሎ ውጤቱን እርሻው ላይ ቆሞ እንዳየ ሲነግራት ስልኩን ዘግታ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

በሚቀጥለው ዓመት ሀዋሳ ላይ የግል ኮሌጆች ስለ መረጃ አያያዝ የሚመካከሩበት የሁለት ቀን ስብሰባ ተጠራ። አቶ አጵሎስ ትርፊትን ይዘዋት ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለሙያ የየኮሌጆቹን ድረ ገጽ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያሳየ አስተያየት ይሰጥ ጀመር። በአንደኛው ገጽ ላይ ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። በሌላው ላይ ፏፏቴ ይወርዳል። ሰው ያጨበጭባል። ትርፊት ወንበሯ ላይ እየተሸማቀቀች ሄደች፤ የእነሱ ተራ ከመድረሱ በፊት ስብሰባው ለሻይ እንዲነሣ ተመኘች።

አልተነሣም። ነጩ ግድግዳ ላይ ነጯ ገጽ ወጣች። በኖኪያ ልክ የተሠራች ገጽ በዚያ ሁሉ ግድግዳ ላይ ስትዘረጋ ጽሑፏ ወደ አንድ ጥግ ተጠግቶ የቀረው ሁሉ ባዶ ሆነ። በላቲን ፊደል የተጻፈው አማርኛ ጎልቶ ታየ።

«ይሄ ድረ ገጽ ነው ወይስ ቴክስት ሜሴጅ?» አለ ባለሙያው።

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ ከምሳ በኋላ የደከመ ሰው የሚስቀው ሳቅ ነው። ባለሙያው የየት ኮሌጅ እንደሆነ ጠየቀ፣ አቶ አጵሎስ እጃቸውን አወጡ። ማን እንደሠራው ጠየቀ። አቶ አጵሎስ መልስ ሳይሰጡ ዞረው ትርፊትን አዩ። አብሯቸው አዳራሹ ሁሉ አያት።

ዓረፍተ ነገሩን በሆዷ አላለችውም፤ ጊዜ አልነበራትም። «ተማሪዎች ለልምምድ የሠሩት ነው፤ ዋናው ገና በዝግጅት ላይ ነው» አለች። ቃል አልተደናቀፈባትም፣ ወንድና ሴት አልተምታታባትም። በሕይወቷ ሰው ፊት ከተናገረችው አማርኛ ሁሉ እንደዚያ የጠራ አልነበረም።

ባለሙያው ለተማሪ መጥፎ አይደለም ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። አቶ አጵሎስ በእራት ሰዓት ሥጋቸውን እየቆረሱ፣ ኮሌጁን ከውርደት ያዳነች ብልህ ልጅ መሆኗን አጠገባቸው ለተቀመጡት አወሩላቸው። ትርፊት ሳህኗን አቅርባ እየበላች መሰለች።  ከሀዋሳ እስከ ሆሳዕና በመስኮት በኩል ውጭውን ስታይ፣ እርሻው ላይ ቆሞ የደወለላት የዱራሜው ሰው ድምፅ ደጋግሞ ይመጣባት ነበር።

አንዴ ዋናው በዝግጅት ላይ ነው ከተባለ መዘጋጀት ነበረበት። የኮሌጁ ባለቤት ተስማሙ፣ አዲስ አበባ ካለ ድርጅት ጋር ውል ተፈረመ፣ በሦስት ወር ውስጥ አዲሱ ድረ ገጽ መጣ። ተመራቂዎች ይንሸራተቱበታል፣ የባለቤቱ መልእክት ከፎቷቸው ጋር አለበት፣ ሲከፈትም ሙዚቃ ያሰማል። ያማረ ነበር፤ ትርፊት ያማረ እንደሆነ ለመካድ አልቃጣትም። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ሦስት ሜጋባይት ተኩል እንደሚመዝን ያየችው ግን በዚያው ቀን ነው። የድረ ገጹ ምረቃ በዲኑ ቢሮ ሲደረግ ባለቤቱ ለስላሳ መጠጣቸውን ከፍተው ጠጥተው እስኪጨርሱ ገጹ አልተከፈተም። አቶ አጵሎስ ኔትወርኩን አማረሩ። አስተያየት እንዳላት ሲጠይቋት ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ ጥሩ ነው አለች።

አሮጌዋን እንድታጠፋ ታዘዘች፣ አጠፋቻት። ማንም ሳያዛት ደግሞ ፍላሿ ላይ የነበረውንም ጠረገችው። እንደዚያ ስታደርግ ምን እያሰበች እንደነበር በኋላ ለሀብቴ ልትነግረው ሞክራ አልቻለችም። የሀዋሳውን ግድግዳ አብራ የምታጠፋው መስሏት ይሆናል።

ታኅሣሥ 2006 ላይ ነው እህተማርያም የመጣችው። ዳምቦያ በአንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ማኔጅመንት አራተኛ ዓመት የደረሰች ሴት ናት። ለመጨረሻው ፈተና ምዝገባ ዐሥር ቀን ተሰጥቶ ነበር። ማዕከላቱ በስልክ ሲጠይቁ ከሬጅስትራር የሚሰጣቸው መልስ ድረ ገጹን ተመልከቱ የሚል ሆኗል፤ መመሪያው ከላይ ነው የመጣው፣ በስልክ የምትመልሰው ግን ትርፊት ናት። እህተማርያም መስኮቱ ላይ ስትቆም ዐሥራ አንደኛው ቀን ነበር። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ተኝቷል።

አንዷ የከምባታ፣ አንዷ የሀዲያ ልጅ ስለሆኑ የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ ሁለቱም በየራሳቸው ቃና። እህተማርያም ሳትቸኩል የሆነባትን ነገረቻት። ለሦስት ቀን ከሥራ ስትወጣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥታለች። አንድ ቀን የተመራቂ ቆብ ብቻ መጥቶ ቆመባት። ሌላ ቀን ሙዚቃው ጀምሮ ካርዷ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ስላተኮሰው ተመለሰች። ከዚያ ፈቃድ ጠይቃ በመኪና መጣች።

ትርፊት ምዝገባው ትናንት መዘጋቱን ነገረቻት። የመጨረሻው ፈተና በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ ቀጣዩ ከዓመት በኋላ ነው።

እህተማርያም አንገቷን ነቀነቀች። ሕፃኑን በአንድ እጇ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ልትሄድ ብላ ተመለሰች።

«ያቺ ነጯ ገጽ የት ሄደች?» አለች። «እሷ ወዲያው ነበር የምትከፈተው። እኛ መሥሪያ ቤት አራት ተማሪ ነን፤ በእኔ ስልክ ነበር ሁላችንም የምናየው።»

«ተነሥታለች።»

«ማነው የሠራት?»

ጥያቄው ያው የሀዋሳው ጥያቄ ነበር። የጠየቀቻት ግን ልትስቅባት አልነበረም። አዳራሹም የለም፣ ዲኑም የሉም፣ ፕሮጀክተርም የለም። በመስኮቱ ወዲያና ወዲህ ሁለት ሴቶችና አንድ የተኛ ሕፃን ብቻ ናቸው ያሉት።

«ተማሪዎች ናቸው» አለች ትርፊት።

«ያሉበትን ካወቅሽ ደውለሽ ለምኝልን። መልሰው ቢያስገቧት።»

«ተመርቀው ሄደዋል።»

«እግዚአብሔር ይባርካቸው» አለች እህተማርያምና ሄደች።

ትርፊት መስኮቱን ዘጋችው። ያን ቀን ሥራ አልሠራችም ማለት ይቻላል። ሀዋሳ ላይ የዋሸችው ደንግጣ ነው ብላ ራሷን ስታባብል ኖራለች። ይሄኛውን ግን በምን ታባብለው? ማንም አላስደነገጣትም። የመጀመሪያውን ውሸት እንዳይጋለጥባት ስትል ሁለተኛውን ጨመረችበት፤ በዚያ ላይ የበደለቻት ሴት የሌሉ ሰዎችን መርቃ ሄደች። ፊቷ እስከ ማታ ድረስ እንደጋለ ነበር።

በማግስቱ አቶ አጵሎስ ቢሮ ገባች። እህተማርያም እንድትመዘገብ በደብዳቤ ለመነች፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነም ጽፋዋለች፤ መጀመሪያ ያለ ምክንያት የዋሸችውን፣ ቀጥሎ ገጹ በገጠር እንደማይከፈት እያወቀች ጥሩ ነው ማለቷን። አቶ አጵሎስ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለአንዷ ከተከፈተ ለሌሎቹም መክፈት እንደሚያስፈልግ፣ ኮሚቴው ይህን እንደማይቀበል፣ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ከገባ ደግሞ ኮሌጁን የሚያስጠይቅ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ አስረዷትና መሳቢያቸው ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ትርፊት አሮጌዋን ገጽ ለመመለስ ፈቃድ ጠየቀች።

አቶ አጵሎስ መሳቢያቸውን ዘጉት። «እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ» አሏት። «ማን እንደሠራው አውቃለሁ። ማን ሠራው ሲባል ዞሬ አንቺን ያየሁሽ እኔ ነኝ።»



«መልሻት» አሉ በመጨረሻ። «የኮሌጁ ስም ግን አይኑርባት። ያንቺን ስምና ያንቺን ስልክ ጻፊ። ስህተት የተገኘ እንደሆነ ሰው አንቺን ይጥራ።»

እንደ ቅጣትም እንደ ፈቃድም ነበር። ፍላሿን ጠርጋዋለችና ከባዶ ጀመረች። ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀባት። በሁለተኛው ቀን ስትጨርስ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ የተሰማት ሌላ ነው። አንዲትን ሴት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ያስቀራት ነገር የሁለት ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። ከግርጌ ስሟን ጻፈች። ትርፊት ሎምባሞ፣ ቀጥሎ የስልክ ቁጥሯ። ጽፋ አጠፋችው፣ ደግማ ጻፈችው።

አድራሻውን በወረቀት መላክ ትችል ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሁለት መኪና ቀይራ ዳምቦያ ሄደች። ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች፣ ለልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠው ነበር። አስተማሪው አምስት ደቂቃ ሰጣት። መንገዱን ሙሉ በሆዷ ስትለው የመጣችው ንግግር ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስትቆም ጠፋባት። በተሰባበረ አማርኛ ነው የተናገረችው፤ ወንዱም ሴቱም ተምታታባት። ማንም አልሳቀም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው አልነበረም።

«ገጿን የሠራኋት እኔ ነኝ» አለች። «ሰው ሲስቅባት አፍሬ ተማሪዎች ናቸው አልኩ። ከዚያ እዚህ ያለች አንዲት ሴት ስትጠይቀኝም እንደዚያው አልኩ። ያጠፋኋትም እኔ ነኝ።»

 አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው እጃቸውን አውጥተው የሁለተኛው ሴሚስተር ፕሮግራም እላዩ ላይ እንዳለ ጠየቁ። አለ አለቻቸው። እስክሪብቶዎች ወጡ፤ አድራሻውን ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ እየተከተሉ ጻፉት። የመጣችበት ነገር በዚያው አለቀ። ከንግግሯ ይልቅ ፕሮግራሙ እንዳስጨነቃቸው ስታይ እፎይ አለች፤ እፎይ በማለቷም ትንሽ አፈረች።

እህተማርያም ስላልተመዘገበች ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ከመሥሪያ ቤቷ ተማሪዎች አንዷ ነግራት ይሆናል፣ ትርፊት መኪና ስትጠብቅ መንገዱ ዳር አገኘቻት። ሕፃኑ ነቅቶ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ያኝካል። ሰላም ተባባሉ። ትርፊት ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ስለ ደብዳቤውና ስለ ኮሚቴውም ነገረቻት። እህተማርያም እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ያን ቀን መስኮቱ ላይ እውነቱን ብትነግሪኝ፣ ምን ትለኛለች ብለሽ ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

ትርፊት አሰበች። ሀዋሳ ላይ የፈራችውን ታውቀዋለች። እዚህ የፈራችውን ግን ብትፈልግ አጣችው። «አላውቅም» አለች።

«እኔ ደስ ይለኝ ነበር» አለች እህተማርያም። «አሁን ግን ምን እንደሚለኝ እንጃ።» መኪናው ሲመጣ የትርፊትን ቦርሳ ተቀብላ በመስኮት አቀበለቻትና ወደ ቤቷ ዞረች።

ነጯ ገጽ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሠራች። ባለ ሙዚቃው ድረ ገጽ ውሉ ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ፤ መጥፋቱን ከተማሪዎቹ አንድም ሰው ደውሎ የጠየቀ የለም። ትርፊት ጋ ግን ስልክ በየቀኑ ይደወል ነበር። በሀዲይኛ የሚደውል አለ፣ ከምባትኛ አትሰማም ብሎ ሳይጠረጥር በከምባትኛ ቀጥ ብሎ የሚጀምር አለ። ከዶዮገና አንድ ሰው አራት ቁጥር ሰባት ሆና እንደተጻፈችበት ነገራት፤ ልክ ነበር። ሌላ ጊዜ አንዱን ውጤት አንድ መስመር ዝቅ አድርጋ አስገብታው ያለፈችውን ልጅ የወደቀች አስመሰለቻት። ልጅቷ ስልክ ላይ አለቀሰች፤ ትርፊት የራሷን ስም ከግርጌው ልታነሣው ፈልጋ ለሁለት ቀን ስታስበው ሰነበተች። አላነሣችውም። ስህተት ባረመች ቁጥር ከላይ አንድ መስመር እየጨመረች፣ ምን እንደተሳሳተችና መቼ እንዳረመችው መጻፍ ጀመረች። ሀብቴ ራስሽን ታዋርጃለሽ አላት። እሷም መዋረዱን አልካደችም። ቁጥሩን ሰው ማመን እንዲችል ነው አለችው።

በ2007 ክረምት መግቢያ ላይ የመጨረሻው ዓመት ውጤት ወጣ። ትርፊት የእህተማርያምን መታወቂያ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። መስመሩን ጻፈች፣ ከወረቀቱ ጋር ሦስት ጊዜ አመሳከረች፣ ጫነችው። አልፋለች፤ በጥሩ ውጤት።

ከሰዓት በኋላ ከዳምቦያ ተደወለ። ስልኩን ስታነሣ ንፋስ ይሰማል፤ እህተማርያም ጉብታው ላይ ሳትሆን አትቀርም።

«ተከፍቶልኛል። አይቼዋለሁ» አለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ቁጥሩ ልክ ነው» አለች እህተማርያም፤ ቀጥላም «በይ እሺ» ብላ ዘጋችው።

ትርፊት ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ቆየች። መጀመሪያ ሌላ የምትለው የቀራት መስሏት መልሳ እስክትደውል ጠበቀች። አልደወለችም። ብትደውል ይቅር ብዬሻለሁ እንድትላት ትፈልግ እንደነበር ታውቀዋለች፤ ያንን ቃል መጠበቋንም አወቀችውና ፊቷ እንደገና ጋለ። ከዚያ አንድ የዱራሜ ሰው ደውሎ የምረቃውን ቀን ጠየቃት። ቀኑን ነገረችው፤ ገጿ ላይም እንዳለ፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ እንደሚያገኘው ጨመረችለት።